የስቴንለስ ስቲል የማዘጋጃ ጠረጴዛን ለከባድ የሴራሚክ ምድጃ እንዴት ማመቻቸት ይቻላል?

ለወጥ ቤት ሥራ የሚያገለግል የስቴንለስ ስቲል ጠረጴዛ ሲያዩት ጠንካራ ነው፤ ጥንካሬው የታሰበው ግን በስፋቱ ላይ ተበትኖ ለሚያርፍ ሸክም ነው። ትሪ፣ ድስት፣ መክተፊያና ሳህን ክብደታቸውን በላሜራው ላይ ያከፋፍላሉ። ካማዶ በሚለው የጃፓንኛ ስሙ የሚታወቀው የእንቁላል ቅርጽ ያለው የሴራሚክ ከሰል ምድጃ ግን ሙሉ ክብደቱን በጠባብ መቀመጫው ላይ ያሳርፋል፤ ለሰዓታት ይግላል፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥርም ሚዛኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ጠረጴዛውን ቀዶ ምድጃውን ማስገባት ብቻውን ሥራውን አይጨርሰውም።

ይህን የተረዳሁት ከራሴ ስህተት ነው። የመጀመሪያውን ምድጃ ያስቀመጥኩት በጠረጴዛው የታችኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። መደርደሪያው ከእግሮቹ ጋር የተያያዘው በአራቱ ማዕዘኖች ባሉ ትንንሽ ቡሎኖች ሲሆን፣ እነዚህ ቡሎኖች እግሩን በጫፋቸው ይጫኑታል እንጂ በስተው አያልፉም። በሦስተኛው ሳምንት አንደኛው ማዕዘን ሁለት ጣት ያህል ወርዶ አገኘሁት፤ በእግሩም ላይ ቡሎኑ እየተንሸራተተ የፋቀው ቀጥ ያለ አንጸባራቂ ጭረት ይታይ ነበር። ምድጃው ዘንብሎ የሴራሚኩ ጎን ከተቆረጠው የላሜራ ጠርዝ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው ነው የደረስኩበት። ከዚያ ወዲህ የምከተለው መርህ ምድጃውን ጠረጴዛው እንዳይሸከመው፣ ክብደቱን ቀጥታ ወደ ወለሉ የሚያወርድ ራሱን የቻለ የብረት ተሸካሚ ከውስጥ እንዲቆምለት ማድረግ ነው። ጠረጴዛው በዙሪያው የሥራ ቦታ ሆኖ ይቀራል።

ጠረጴዛውን መመርመር

መጀመሪያ ጠረጴዛውን ገልብጠው ከሥሩ ይመልከቱ። በብዙ ጠረጴዛዎች ላይ የላሜራው ውፍረት ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ሲሆን፣ እንዳይረግብ ከሥሩ በቁመቱ የተያያዘ የታጠፈ ማጠናከሪያ አለው። አንዳንዶቹ ግን ድምፅ ለመቀነስና ላሜራውን ለማደንደን ከሥራቸው የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ ተለጥፎባቸዋል። ይህ ሰሌዳ ከጋለ ምድጃ አጠገብ መቅረት የለበትም፤ ቀዳዳው በሚወጣበት ክፍል ያለውን ሙሉ በሙሉ ይላጡት፤ ሙጫውንም ይፋቁ። የላሜራውን ጠርዝ በጣት ሲያንኳኩት የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ሰሌዳ እንዳለ ይጠርጥሩ።

የብረቱን ዓይነት ለማወቅ ማግኔት ያስጠጉ። 304 የሚባለው፣ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ገደማ ያለው ስቴንለስ ማግኔትን አይስብም፤ በታጠፈባቸው ቦታዎች ብቻ በደካማው ሊስብ ይችላል። አጥብቆ የሚስብ ከሆነ ኒኬል የሌለው ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ ደጅ ለሚውል ሥራ ከዝናብ የሚከላከል ሽፋን ያዘጋጁለት። የታችኛው መደርደሪያና እግሮቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዚንክ የተለበጠ ተራ ብረት ናቸው። ዚንክ የተለበጠን ብረት መበየድ ለጤና አደገኛ ጭስ ያወጣል፤ ጭሱን የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ በሚል ትኩሳት ይያዛል። ስለዚህ ከእነዚህ ክፍሎች ጋር የሚደረገው ግንኙነት ሁሉ በቡሎን ይሁን።

የጠረጴዛው ወርድም ወሳኝ ነው። የምድጃውን ዙሪያ በጣም በሚሰፋበት ቦታ በገመድ ለክተው ለ3.14 ሲያካፍሉት የውጭ ስፋቱን ያገኛሉ። ዙሪያው 176 ሴንቲሜትር ከሆነ ስፋቱ 56 ሴንቲሜትር ነው፤ በየጎኑ 2.5 ሴንቲሜትር ክፍተት ሲጨመር ቀዳዳው 61 ሴንቲሜትር ይሆናል። ጠረጴዛው 70 ሴንቲሜትር ወርድ ካለው ከፊትና ከኋላ የሚተርፈው 4.5 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ይህ በእጅ ሲደገፉበት የሚታጠፍ ቀጭን ጥብጣብ ነው። ለእንዲህ ያለ ምድጃ ከ76 ሴንቲሜትር ያላነሰ ወርድ ይፈልጉ፤ ጠባቡን ጠረጴዛ በግድ ከማላመድ ሌላ ጠረጴዛ መፈለግ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ክብደቱን ማስላት

የመጥበሻ ፍርግርጉ ወደ 46 ሴንቲሜትር የሚደርስ የሴራሚክ ምድጃ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 100 ኪሎግራም ይመዝናል፤ 61 ሴንቲሜትር ያለው ወደ 100 ይጠጋል ወይም ያልፋል። የእርስዎን ትክክለኛ ክብደት ከአምራቹ መግለጫ ይውሰዱ። በዚህ ላይ የምድጃው ሙቀት ወደ ተሸካሚው እንዳይወርድ ከሥሩ የሚነጠፈው ኮንክሪት ይጨመራል፤ 40 በ40 ሴንቲሜትር የሆነና 5 ሴንቲሜትር የሚወፍር ንጣፍ ብቻውን 19 ኪሎ ገደማ ነው። ከሰል፣ ሙቀት ማገጃው ድንጋይ፣ የብረት ድስትና ሥጋው ሌላ 20 ኪሎ ያህል ይሆናሉ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ምድጃ ድምሩ 120 ኪሎ አካባቢ ስለሚሆን፣ ተሸካሚውን የዚህን እጥፍ፣ ማለትም 240 ኪሎ እንዲችል አድርጌ እሠራለሁ። እጥፉ ያስፈለገው ምድጃው ሲወርድ በጥቂቱም ቢሆን ስለሚወድቅና ሰውም ጠረጴዛውን ስለሚደገፍ ነው።

ከፍታውን መወሰን

ምድጃው ሙሉ በሙሉ በጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ ፍርግርጉ ከደረት በላይ ይወጣል፤ የጋለ ድስት በዚያ ከፍታ ማንሳት አደገኛ ነው። የሚፈለገው ክዳኑና ገላው የሚገናኙበት ከንፈር ከጠረጴዛው ገጽ 5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንዲቆም ነው፤ ያኔ የክዳኑ ማጠፊያና የብረት ቀበቶው ከላሜራው በላይ ሆነው በነፃነት ይንቀሳቀሳሉ።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ጠረጴዛው 90 ሴንቲሜትር ከፍታ ካለው ከንፈሩ በ95 ላይ መዋል አለበት። ከምድጃው መቀመጫ እስከ ከንፈሩ 47 ሴንቲሜትር ቢሆን የምድጃው መቀመጫ ከወለሉ 48 ላይ ይውላል። ከዚህ ላይ በምድጃውና በኮንክሪቱ መካከል ለሚገቡት የሴራሚክ እግሮች 4፣ ለኮንክሪቱ 5 ሴንቲሜትር ሲቀነስ የተሸካሚው ገጽ 39 ሴንቲሜትር ላይ ይሆናል። ከኮንክሪቱ ሥር የሚገባው ላሜራ ውፍረትም መቀነሱን አይርሱ። እነዚህን ቁጥሮች ከወረቀት መግለጫ ሳይሆን በእጅ ካለው ምድጃ ላይ ይለኩ፤ የአንድ ሴንቲሜትር ስህተት ማጠፊያውን ከላሜራው ጋር ያጋጨዋል።

ተሸካሚውን መሥራት

ለእግሮቹ 40 በ40 ሚሊሜትር የሆነና 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አራት ማዕዘን ቱቦ፣ ለላይኛው ማዕቀፍ ደግሞ 40 በ40 በ4 ሚሊሜትር የሆነ ባለማዕዘን ብረት በቂ ነው። ማዕቀፉ ኮንክሪቱን እንደ ትሪ ከአራቱም ጎን እንዲይዘው ባለማዕዘኑ ብረት ጠርዙ ወደ ላይ ሆኖ ይበየዳል፤ ውስጡም በየጎኑ ጥቂት ሚሊሜትር ትርፍ ይኑረው። ከሥሩ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ሁለት አግዳሚዎች ይጨመራሉ። ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፤ ሲያጎብጡት ግን ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በአግዳሚዎቹ ላይ 3 ሚሊሜትር የሚወፍር ላሜራ ነጥፈው ኮንክሪቱን በእሱ ላይ ያስቀምጡ፤ ቢሰነጠቅም አይፈርስም።

እግሮቹን በግራ፣ በቀኝና በኋላ በኩል በሰያፍ ብረት ያስሯቸው። የፊት ለፊቱን ክፍት ይተዉት፤ የምድጃው የታችኛው የአየር በር የሚከፈተው፣ አመዱም የሚጠረገው በዚያ ነውና። በሩ ፊት ለፊት የሚያልፍ የጠረጴዛ አግዳሚ ካለ፣ የአመድ መጥረጊያው ሳይጋጭ መግባቱንና መውጣቱን አሁኑኑ ይሞክሩ። ኋላ ለማረም አስቸጋሪ ነው።

ተሸካሚው ከጠረጴዛው እግሮች ጋር በቡሎን ይያያዛል፤ የማያያዣው ሥራ ጠረጴዛውና ተሸካሚው አንድ ላይ እንዲቆሙ ማድረግ ብቻ ስለሆነ ክብደት አይሸከምም። ስቴንለስ ቡሎንና ስቴንለስ ዳዶ ሲጠብቁ እርስ በርሳቸው ተናክሰው ሊጣበቁ ስለሚችሉ፣ ጥርሱን በግሪስ ቀብተው በእጅ መፍቻ ቀስ ብለው ያጥብቁ። ተራው ብረት ስቴንለሱን በሚነካበት ቦታ ደግሞ ዝናብ ሲገባ ተራው ብረት ፈጥኖ ይዝጋል፤ ተሸካሚውን በዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብተው፣ ሙቀት በማይደርስባቸው መጋጠሚያዎች የናይለን ሮንዴላ ያስገቡ።

ጎማ የሚፈልግ ሰው ጎማዎቹን ከጠረጴዛው ቀጫጭን እግሮች ሥር ማስገባት የለበትም። የተሸካሚውንና የጠረጴዛውን እግሮች ከታች በአግዳሚ ቱቦ አገናኝቶ በዚያ ላይ በአራት ቡሎን ይሰራቸው። ወለሉ ወጣ ገባ ሲሆን አንደኛው ጎማ ከመሬት ስለሚነሳ፣ ጠቅላላው ክብደት ለአራት ሳይሆን ለሦስት ይካፈላል፤ ምድጃው፣ ተሸካሚውና ጠረጴዛው አንድ ላይ 175 ኪሎ ከሆኑ ለእያንዳንዱ 58 ኪሎ ይደርሰዋል፤ እኔ ከ100 ኪሎ በታች የሚችል ጎማ አልመርጥም። ዲያሜትሩ ከ10 ሴንቲሜትር ያላነሰ ይሁን፤ አራቱም መቆለፊያ ይኑራቸው።

ቀዳዳውን መቁረጥ

በዚህ ክፍል መቸኮል ጠረጴዛውን ያበላሻል። በመጀመሪያ ቀዳዳውን በወፍራም ካርቶን ላይ ቆርጠው ምድጃው ላይ ያጥልቁት፤ ካርቶኑ በታሰበው ከፍታ ላይ ሆኖ ክዳኑን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ማጠፊያው ወደ ኋላና ወደ ታች ሲሄድ ካርቶኑን የሚነካበት ቦታ ይታያል፤ እዚያ ላይ ተጨማሪ ቀዳዳ ያውጡ። የጎን ክፍተቱን ከ2 ሴንቲሜትር በታች አያጥቡት። ላሜራው ሲግል ይለጠጣል፤ 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ስቴንለስ 100 ዲግሪ ሲጨምር አንድ ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ይህ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ክፍተቱ አየር እንዲያልፍና ምድጃው ቢንቀሳቀስ ሴራሚኩ ስለታሙን ጠርዝ እንዳይነካም ያስፈልጋል። ሴራሚክ ሰፊ ጭነትን ይችላል፤ በአንድ ነጥብ ላይ የሚያርፍ ጠንካራ ብረት ግን ይሰነጥቀዋል።

የቀዳዳውን ቦታ ሲመርጡ ወደ ጠረጴዛው አንድ ጫፍ ያስጠጉት፤ የሥራ ቦታው በአንድ ወገን ሰፍቶ ይቀራል። ከጎን ጠርዙ ግን ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ከፊትና ከኋላም መሃል ላይ ይዋል። ክዳኑ ሲከፈት ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የምድጃው መሃል ከኋላ እግሮች መስመር ርቆ መቆም አለበት።

ላሜራውን በሰፊ የወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑና በላዩ ላይ ይሳሉ፤ ፕላስተሩ መስመሩን ያሳያል፤ የመቁረጫው መሠረት ገጹን እንዳይፍቅም ይከላከላል። ክቡን ለመሳል ምስማር፣ ቀጭን ጣውላና እርሳስ ይበቃሉ። የሚወድቀው ክብ ክፍል መጨረሻ ላይ ተንጠልጥሎ ጠርዙን እንዳይቀድ ከሥሩ በእንጨት ይደገፍ።

ከዚያ በመስመሩ ውስጠኛ ጎን የመነሻ ቀዳዳ ይበሱ። ስቴንለስ ሲታሽ ይጠነክራል፤ ትራፓኖውን በፍጥነት አስነስተው በቀላሉ ቢጫኑት ፑንታው ሳይቆርጥ እየተሽከረከረ ቦታውን ያደነድነዋል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይበሳውም። ቦታውን በሹል መምቻ ምልክት ያድርጉ፤ የኮባልት ፑንታ ይጠቀሙ፤ ዘይት ያንጠባጥቡ፤ በዝግታ እየዞረ አጥብቀው ይጫኑ። በትክክል ሲቆርጥ ከፑንታው ሥር ረጅም፣ የተጠቀለለ፣ የብር ቀለም ያለው ጥብጣብ ይወጣል፤ ዱቄት መሰል ብናኝና ጭስ ከወጣ ግን ፑንታው ደንዟል ወይም ፍጥነቱ በዝቷል፤ ወዲያውኑ ያቁሙ።

ለመቁረጥ ጥርሱ የደቀቀ የብረት ምላጭ ያለው ጂግሶ እመርጣለሁ፤ ክቡን በተሻለ ይከተላል፤ ሙቀቱም ትንሽ ነው። ባለ 1 ሚሊሜትር ዲስክ ያለው ግራይንደርም ይቻላል፤ ክቡን ግን በአንዴ ሳይሆን በአጫጭር ቀጥታ ቁርጥራጮች እየዞሩ መሥራት፣ ከመስመሩም 2 ሚሊሜትር አስቀርቶ በሞረድ ማስተካከል ያስፈልጋል። ዲስኩ ለስቴንለስ የተሠራ ይሁን፤ ተራ ብረት የቆረጠበትን ዲስክ አይጠቀሙ። ተራ ብረት ሲፈጭ የሚበተነው ፍንጣሪ በስቴንለሱ ላይ ካረፈ ከጥቂት ዝናብ በኋላ እንደ ቡናማ ነጠብጣብ ይዝጋል፤ ብዙ ሰው ስቴንለሱ ራሱ የዛገ ይመስለዋል። ስለዚህ ተሸካሚው የሚበየድበትና የሚፈጭበት ቦታ ከጠረጴዛው ይራቅ። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ሳይደረግ ሥራው አይጀመር።

የተቆረጠው ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው። ከላይም ከታችም በሞረድ ያንሱት፤ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፤ መጨረሻም የጥጥ ጨርቅ በጠርዙ ላይ ይጎትቱ፤ ክሩ ከተያዘ ገና አላለቀም። ጠርዙን በፕላስቲክ ወይም በጎማ መሸፈኛ ማልበስ ያማረ ቢመስልም ሙቀቱ ያቀልጠዋል፤ መሸፈን ከፈለጉ የስቴንለስ መሸፈኛ ይምረጡ።

ቀዳዳው የታችኛውን ማጠናከሪያ ስለሚቆርጠው ላሜራው ይለሰልሳል። ከቀዳዳው ፊትና ኋላ፣ ከሥር በኩል 30 በ30 በ3 ሚሊሜትር የሆነ ባለማዕዘን ብረት ከግራ እስከ ቀኝ አሳልፈው ከጠረጴዛው ማዕቀፍ ጋር በቡሎን ይሰሩ፤ የተቆረጠውን ማጠናከሪያ ጫፎችም በአግዳሚ ብረት ከእነዚህ ጋር ያገናኙ።

በውኃ መፈተን

ምድጃው ከመግባቱ በፊት ተሸካሚው ይፈተን። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን 12 ጀሪካን 240 ኪሎ ይሆናል። በማዕቀፉ ላይ ሰሌዳ አጋድመው ጀሪካኖቹን ይደርድሩ፤ እንዳይወድቁም በገመድ ይሰሯቸው። ከመጫንዎ በፊት ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው ክር ወጥረው የአግዳሚውን መሃል ከፍታ ይለኩ፤ ከጫኑ በኋላ ይለኩ፤ ለአንድ ቀን ትተው እንደገና ይለኩ። በመጫኑ ጊዜ ጥቂት ቢረግብ ችግር የለውም፤ በማግስቱ ርግበቱ ከጨመረ ግን የሆነ ቦታ እየተንሸራተተ ነውና ብየዳዎቹንና ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ይመርምሩ። ጭነቱ ሳይወርድ ጠረጴዛውን በእጅ ወደ ጎን ገፋ ያድርጉት፤ ከተወዛወዘ ሰያፍ ብረት ይጎድለዋል።

ምድጃውን ማሳረፍ

ጠረጴዛውን በመጨረሻ ቦታው ላይ አቁመው በሊቬላ ያስተካክሉ። ቦታው ደጅ ይሁን፤ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ወይም ጋራዥ ውስጥ ይገድላል። ኮንክሪቱ ለብዙ ቀን የደረቀ ይሁን፤ ውኃ የጠጣ ኮንክሪት በሙቀት ሊፈነጣጠር ይችላል። በላዩ ላይ ሦስቱን የሴራሚክ እግሮች ያስቀምጡ፤ በምድጃውና በኮንክሪቱ መካከል የሚኖረውን የአየር ክፍተት የሚፈጥሩት እነሱ ናቸው።

ከምድጃው ውስጥ ፍርግርጉን፣ የእሳት ሳጥኑንና ቀለበቱን ያውጡ፤ ክብደቱ በብዙ ይቀንሳል። ማጠፊያው ስፕሪንግ ያለው ከሆነ ክዳኑን ያለ አምራቹ መመሪያ አይፍቱ፤ የተወጠረው ስፕሪንግ ሲለቀቅ እጅ ይሰብራል። ክዳኑ በገመድ ታስሮ ይዘጋና ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ሆነው፣ አንደኛው ከታችኛው የአየር በር፣ ሌሎቹ ከሥር በጠንካራ የማንሻ ቀበቶ ይዘው በቀስታ ያውርዱት። በማጠፊያው ወይም በእጀታው ማንሳት ፈጽሞ አይገባም። አንድ ተጨማሪ ሰው ክፍተቱን ዙሪያውን እያየ ይምራ። ካረፈ በኋላ ክፍተቱ በሁሉም ጎን እኩል እንዲሆን ያስተካክሉና ክዳኑን እስከ መጨረሻው ከፍተው ዘግተው ይሞክሩ።

የመጀመሪያው እሳት

መጀመሪያ በትንሽ ከሰል 120 ዲግሪ አካባቢ ለሁለት ሰዓት ያቆዩት፤ በሌላ ቀን ወደ 250 ያድርሱት። በየግማሽ ሰዓቱ የቀዳዳውን ጠርዝ፣ የተሸካሚውን አግዳሚና የማያያዣ ቡሎኖቹን ሙቀት ይለኩ። በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር በሚያንጸባርቅ ስቴንለስ ላይ ከእውነተኛው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ የሚለካበትን ቦታ አስቀድመው ሙቀት በሚችል ደብዛዛ ጥቁር ቀለም በሳንቲም ስፋት ቢቀቡት ንባቡ ይስተካከላል። አግዳሚው ላይ ውኃ ሲነካው የሚጨስ ሙቀት ከተገኘ፣ የአየር ክፍተቱ ታፍኗል ወይም ኮንክሪቱ ቀጥኗል።

በታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ በተለይ ከአየር በሩ ፊትና አጠገብ፣ የከሰል ከረጢት፣ የጋዝ ሲሊንደር ወይም ጨርቅ አይቀመጥ፤ ፍም ከበሩ ሊወድቅ ይችላል። ጎማ ያለው ጠረጴዛ የሚንቀሳቀሰው ምድጃው ቀዝቅዞ፣ ውስጡም ባዶ ሆኖ ብቻ ነው፤ ሲንቀሳቀስም ከታች ከማዕቀፉ ተይዞ በቀስታ ይጎተታል፤ ከላይ ከተገፋና ጎማው ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ግን ወደ ፊት ይገለበጣል። ከአምስተኛው አጠቃቀም በኋላ ቡሎኖቹን ሁሉ እንደገና ያጥብቁ፤ መጋልና መቀዝቀዝ የመጀመሪያውን ጥብቀት ያላላዋል። በዚያው ጊዜ በእያንዳንዱ ዳዶና በብረቱ ላይ የሚያልፍ መስመር በቀለም ያስምሩ፤ ዳዶው ከዞረ መስመሩ ስለሚሰበር ቀጣዩን ምርመራ ቆሞ በዓይን ብቻ ማድረግ ይቻላል።